ፍሪስታይል ሊብሬ 3 ፕላስ፦ በእናቴ ክንድ ላይ አሥር ወር

እናቴ የስኳር ሕመም እንዳለባት ካወቀች አሥራ ሰባት ዓመት ሆኗታል። አዲስ አበባ ሳለች ጀምሮ ሜትፎርሚን የተባለውን ክኒን ትወስዳለች፤ ካለፉት ስድስት ዓመታት ወዲህ ደግሞ ማታ ማታ ለረጅም ሰዓት የሚሠራውን ኢንሱሊን ትወጋ ነበር። ወደ እኛ ወደ ሜሪላንድ ከመጣች በኋላ በየሦስት ወሩ የምታደርገው ምርመራ፣ ማለትም የሦስት ወር የስኳር አማካይ የምንለው ኤ ዋን ሲ፣ ሁልጊዜ ከ7.0 እስከ 7.3 ባለው መካከል ይመጣ ስለነበር፣ ሐኪሟም እኛም «በጣም ጥሩ ነው» እያልን እናመሰግናት ነበር። ያንን ምስጋና ዛሬ ሳስበው ይቆጨኛል። ቁጥሩ ስህተት አልነበረም፤ ነገር ግን ስለ እናቴ ውሎና አዳር የነገረን ነገር እጅግ ጥቂት ነበር። ከሰዓት በኋላ እስከ 260 የሚወጣና ሌሊት ወደ 60 የሚወርድ ስኳር ተደምሮ ሲካፈል 154 አካባቢ ሊሆን ይችላል፤ በኤ ዋን ሲ ሲለካ ደግሞ ይህ አማካይ ልክ 7 ማለት ነው። መውጣቱንም መውረዱንም ያየነው ክንዷ ላይ ስኳርን ቀንና ሌሊት የሚከታተል ሴንሰር ከተለጠፈ በኋላ ነው።

በዚህ ጽሑፍ የምገመግመው ይህንኑ ሴንሰር ነው። የአቦት ኩባንያ ምርት ሲሆን ስሙ ፍሪስታይል ሊብሬ ይባላል። የጀመርነው በሊብሬ 3 ነበር፤ ኩባንያው ያንን በአዲሱ ሲተካ ወደ ሊብሬ 3 ፕላስ ተሻገርን። እኛ ያስተዋልነው ዋና ልዩነት የፊተኛው 14 ቀን፣ የኋለኛው 15 ቀን ማገልገሉ ነው። ሐሳቤን ከወዲሁ ለመግለጽ፣ ኢንሱሊን ለሚወጋ ሰው፣ ይልቁንም ሌሊቱን ለብቻው ለሚያድር አዛውንት፣ ከዚህ የበለጠ ጠቃሚ የቤት ውስጥ የሕክምና ዕቃ አላየሁም። ኢንሱሊን ለማይወስድ ወይም ስኳር ገና ለሌለበት ሰው ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

ሴንሰሩ ሁለት ሳንቲም ቢደራረብ የሚያህል ነጭ ክብ ነገር ነው፤ ስፋቱ 21 ሚሊሜትር ሲሆን ውፍረቱ 3 ሚሊሜትር እንኳ አይሞላም። የሚለጠፈው በላይኛው ክንድ ጀርባ ላይ ነው። ከሥሩ እንደ ፀጉር የቀጠነ ክር ቆዳን አልፎ ይገባል፤ የሚገባው ግን ወደ ደም ሥር ሳይሆን በሴሎች መካከል ወዳለው ፈሳሽ ነው። በክሩ ላይ ግሉኮስ ኦክሲዴዝ የተባለ ኢንዛይም አለ። ኢንዛይሙ ግሉኮስ ባገኘ ቁጥር ኤሌክትሮን ይቀበላል፣ ኤሌክትሮኑ ወደ ክሩ ሲተላለፍ በጣም አነስተኛ የኤሌክትሪክ ፍሰት ይፈጠራል፣ ፍሰቱ በበረታ መጠንም ስኳሩ በዝቷል ማለት ነው። መሣሪያው ይህንን በየደቂቃው ወደ ቁጥር ለውጦ በብሉቱዝ ወደ ስልክ ይልካል።

ኢንዛይምን ከኤሌክትሮድ፣ ማለትም የኤሌክትሪክ ፍሰት ከሚያስተላልፍ ክር፣ ጋር የማጣመሩን ሐሳብ ተመራማሪው ሊላንድ ክላርክ ከቻምፕ ላየንስ ጋር ሆኖ ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1962 ነበር። ኢንዛይሙን ከኤሌክትሮዱ ጋር እንደ ሽቦ የሚያገናኘውን ኬሚስትሪ ያበጀው ደግሞ አዳም ሄለር ሲሆን፣ ከልጁ ጋር ያቋቋመውን ቴራሴንስ የተባለውን ድርጅት አቦት እ.ኤ.አ. በ2004 ገዝቶታል። በ1999 በአሜሪካ የተፈቀደው የመጀመሪያው ተከታታይ መለኪያ፣ የሚኒሜድ ኩባንያ ሥራ፣ ለሦስት ቀን ብቻ የሚያገለግል ሆኖ ቁጥሩን ሴንሰሩ ከተነቀለ በኋላ ሐኪሙ ያየዋል እንጂ ታማሚው በሰዓቱ የሚያየው አልነበረም፤ በዚያ ላይ በየቀኑ ጣት እየተወጋ መስተካከል ነበረበት። ዛሬ ከፋብሪካ ተስተካክሎ የሚመጣውንና ማስተካከያ የማይጠይቀውን ሴንሰር የያዘ ሰው ይህንን ታሪክ ቢያውቅ የእጁን ነገር ዋጋ ይበልጥ ይረዳል ብዬ አምናለሁ።

የመጀመሪያው ቀን ትዝ ይለኛል። እናቴ ለዓመታት ጣቶቿን ከመውጋቷ የተነሣ የአመልካች ጣቷና የመሐል ጣቷ ጫፍ እንደ ጎማ ደድሮ ነበር፤ እንዲያም ሆኖ ማስገቢያውን ስታየው ፈራች። «መርፌው ውስጤ ሊቀር ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። መርፌው ክሩን አስገብቶ ወዲያው ተመልሶ እንደሚወጣ፣ የሚቀረው ክሩ ብቻ እንደሆነ፣ እርሱም እንደሚታጠፍ ነግሬያት ክንዷን በአልኮል ጠርጌ እስኪደርቅ ጠበቅሁ። ማስገቢያውን ስጫነው አንድ ጊዜ «ቀጭ» አለ። እናቴ ዐይኗን እንደጨፈነች «አሁን ልታደርጊው ነው?» አለችኝ፤ ተለጥፎ ነበር። ከዚያ ስልኩ 60 ደቂቃ ይጠብቃል፣ ሰዓቱ ሲሞላ የመጀመሪያው ቁጥር ይወጣል። በአሥር ወር ውስጥ ከአንድ ጊዜ በቀር ያለ ጊዜው የተነቀለብን የለም፤ እርሱም የእኛው ጥፋት ነበር፤ ከሻወር በኋላ ክንዷን በቅባት አሽታ ስለነበር ማጣበቂያው ሳይዝ ቀርቶ ቀሚሷን ስታወልቅ አብሮ መጣ። ነጠላ ለሚለብሱ እናቶችም አንድ ነገር ልበል፦ ጥለቱ ሴንሰሩን እንዳይጎትት ነጠላው ከሚጣፋበት ክንድ ይልቅ በሌላው መለጠፍ ይሻላል።

በስልኩ ላይ አንድ ቁጥር፣ አንድ ቀስትና አንድ የመስመር ሥዕል ይታያል። ብዙ ሰው የሚያተኩረው በቁጥሩ ላይ ነው፤ እኔ ግን የዚህ መሣሪያ ዋጋ ያለው በቀስቱ ላይ ነው እላለሁ። ጣት ተወግቶ የሚገኝ 110 ሰላማዊ ቁጥር ነው። ሴንሰር ላይ 110 ሆኖ ቀስቱ ወደ ታች በቀጥታ ካመለከተ ግን ስኳሩ በየደቂቃው በዴሲሊትር ከ2 ሚሊግራም በላይ እየወረደ ነውና በሩብ ሰዓት ውስጥ 80 ሊሆን ይችላል፤ እንዲህ ያለው 110 ለመኪና መንዳትም ሆነ ለመተኛት የሚመች አይደለም። ቀስቱ በአግድም ከሆነ ስኳሩ ረግቷል ማለት ነው። እናቴ የመተግበሪያውን እንግሊዝኛ አታነብም፤ አምስቱን ቀስቶችና አራቱን ቀለሞች ግን በሁለት ቀን ለየቻቸው። አረንጓዴ ሲሆን ዝም ትላለች፣ ቢጫና ብርቱካናማ ሲሆን ምን እንደበላች ታስታውሳለች፣ ቀይ ሲሆን ጭማቂ ትፈልጋለች። ለእርሷ የሚያስፈልገው ይህ ነበር።

አሁን ወደ ሌሊቱ ልምጣ፤ ይህንን ጽሑፍ ያጻፈኝ እርሱ ነውና። እናቴ ከሴንሰሩ በፊት ለብዙ ወራት ሌሊት በላብ ተጠምቃ ትነቃ ነበር። ምክንያቱን በቤቱ ማሞቂያ ታሳብባለች፤ ቅዠት ሲበዛባት ደግሞ ጸበል ትጠጣለች። ጠዋት ጣቷን ስትወጋ 150 ወይም 160 ስለሚያሳያት ሌሊት ስኳሯ ወርዶ ይሆናል ብሎ የጠረጠረ አልነበረም። ሴንሰሩ በተለጠፈ በሦስተኛው ሌሊት ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ እኔ የማታ ፈረቃ ላይ ሳለሁ የእርሷ ቁጥር የሚደርሰው ስልኬ ጮኸ፤ 61፣ ቀስቱም ወደ ታች። ደወልኩላት። ብዙ ጠርቶ ስታነሣው ድምጿ የሌላ ሰው ድምፅ ይመስል ነበር፤ የምላትን ትሰማለች፣ ለመመለስ ግን ቃላት ይርቋታል። ታናሽ እህቴን ቀስቅሼ ጣቷን እንድትወጋት አደረግሁ፤ 64 ነበር። ግማሽ ብርጭቆ የብርቱካን ጭማቂ ጠጣች፣ ሩብ ሰዓት ቆይታ 92 ደረሰች፣ ከዚያ ግማሽ ቁራጭ ዳቦ በላች። በነጋታው «ማሞቂያው ነው ብዬ ስንት ሌሊት ተሰቃየሁ» ብላ አለቀሰች።

ሁለት ሳምንቱ ሲሞላ የሴንሰሩን ዘገባ አትመን ለሐኪሟ ወሰድን። ዘገባው በአንድ ገጽ ላይ የአሥራ አራቱን ቀን የሃያ አራት ሰዓት ጉዞ ደራርቦ በአንድ ሥዕል ያሳያል። ከአሥራ አራቱ ሌሊቶች በአምስቱ ስኳሯ ከ70 በታች ወርዶ ነበር። ሐኪሟ ለጥቂት ደቂቃ ሥዕሉን አይታ የኢንሱሊኑን መጠን በአራት ዩኒት ቀነሰችላትና ከማታ ወደ ጠዋት አዞረችው። በላብ መንቃቱ በዚያው ሳምንት ቆመ። ለዓመታት በየሦስት ወሩ አንዴ የተቀዳው ደም ያልተናገረውን ነው ያ ሥዕል የተናገረው።

እዚህ ላይ ሰው ሳይነገረው የሚሳሳትበትን አንድ ነገር ላስረዳ። ሴንሰሩ የሚለካው በሴሎች መካከል ያለውን ፈሳሽ ስለሆነ ከደሙ ከአምስት እስከ አሥራ አምስት ደቂቃ ድረስ ወደ ኋላ ይቀራል። ስኳር ወርዶ ጭማቂ ሲጠጣ ደሙ ቀድሞ ይነሣል፣ ሴንሰሩ ግን ለጥቂት ጊዜ መውረዱን ይቀጥላል። ያንን ያየ ሰው ደንግጦ ሁለተኛ ብርጭቆ፣ ቀጥሎም ማር ይጨምራል፤ ከአንድ ሰዓት በኋላ ስኳሩ 280 ሆኖ ይገኛል። እኛም ሁለት ጊዜ እንዲህ አድርገናል። ስለዚህ ስኳር በወረደ ጊዜ 15 ግራም ያህል ስኳር፣ ማለትም ግማሽ ብርጭቆ ጭማቂ ወይም ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጦ መውሰድ፣ ከሩብ ሰዓት በኋላም በሴንሰሩ ሳይሆን ጣት በመውጋት ማረጋገጥ ነው የሚበጀው።

ሌላው የሌሊት ጣጣ በየትኛውም ኩባንያ ሴንሰር ላይ የሚታወቅ ነው። ሰው ሴንሰሩ ባለበት ክንድ ላይ ተጭኖ ሲተኛ በቦታው ያለው ፈሳሽ ስለሚገፋ ቁጥሩ ያለ እውነት ዝቅ ይላል። እናቴ በግራ ጎኗ መተኛት ትወዳለች፤ የመጀመሪያዎቹን ሴንሰሮች በግራ ክንዷ ስላደረግን አንዳንድ ሌሊት 58 እያለ ያስነሣን ነበር፤ ጣቷን ስንወጋ ግን 112። ወደ ቀኝ ክንድ ካዞርነው ወዲህ ቀርቷል።

ስለ ምግቡ ብዙ የተጻፈ ስላለ ሁሉን አልደግምም። የእኛን ማዕድ የሚነካውን ብቻ ላንሣ። ሁላችንም ጥፋተኛ የምናደርገው እንጀራን ነበር። እንጀራ ስኳር እንደሚያወጣ እውነት ነው፤ ይልቁንም እዚህ አገር የሚሸጠው ብዙ ጊዜ ጤፉ በስንዴና በሌላ ዱቄት የተደባለቀ ነው። በእናቴ ክንድ ላይ ግን ግማሽ እንጀራ በጎመንና በምስር ወጥ፣ ጎመኑ ቀድሞ ተበልቶ፣ ከ180 ብዙም አያሳልፋትም። እስከ 260 የሚያወጣት ከዚያ በኋላ የሚመጣው ቡና ነበር። ቅዳሜና እሑድ ቡና ሲፈላ አቦል፣ ቶናና በረካ ሦስቱንም ትጠጣለች፤ በእያንዳንዱ ሲኒ ሁለት ማንኪያ ስኳር፣ ከጎኑ ስኳር የተነሰነሰበት ፈንዲሻና ቁራሽ ድፎ ዳቦ አለ። ሥዕሉ ላይ ከምሳው የወጣው ጉብታ ሊወርድ ሲል በቡናው ሰዓት ሌላ ጉብታ በላዩ ይሠራል፣ ከዚያ እስከ ምሽት አይወርድም። እናቴ ራሷ በጣቷ እያሳየች «ይቺ አቦል ናት፣ ይቺ ቶና ናት» አለችን። በማግሥቱ አቦሉን በግማሽ ማንኪያ፣ ቶናውንና በረካውን በጨው አደረገችው፤ እርሷ ባደገችበት አገር ቡና በጨው መጠጣት የታወቀ ስለሆነ አልከበዳትም። አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ «ስኳር ቀንሺ» ስንላት ያልሆነውን አንድ ቅዳሜ ያየችው ሥዕል አደረገው።

ጾሙ ከዚህ የበለጠ ጥንቃቄ ጠይቆናል። ሴንሰሩን የጀመርነው ከዓቢይ ጾም ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ ነበር። እናቴ በዓቢይ ጾም እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ሳትቀምስ መዋል ልማዷ ነው፤ ኢንሱሊን ለሚወጋ ሰው ይህ አደገኛ መሆኑን ብታውቅም ቤተ ክርስቲያን ለታመመ የፈቀደችውን ለራሷ መፍቀድ ከብዷት ኖሯል። በመጀመሪያው የጾም ሳምንት ከቀኑ 7 ሰዓት ላይ 72 ሆኖ ቀስቱ ቁልቁል ሲያመለክት አየች፤ 9 ሰዓት ላይ ተርባ ከበላች በኋላ ደግሞ 270። ሥዕሉን ይዛ የንስሐ አባቷ ዘንድ ሄደች። እርሳቸውም ስልኩን በጥሞና አይተው ከፍስክ ምግብ እንድትጾም፣ ሰዓት ግን እንዳትቆጥር ነገሯት። ከሐኪሟ ቃል ይልቅ የእርሳቸው ቃል አሳረፋት፤ ቃሉን ለማግኘት ያበቃት ግን የሴንሰሩ ሥዕል ነው። በረመዳን ለሚጾሙ ኢንሱሊን ተጠቃሚዎችም ይህ መሣሪያ ከጾሙ በፊት ለሁለት ሳምንት ቢለጠፍና ውጤቱ ለሐኪም ቢቀርብ ብዙ ይጠቅማል ብዬ አስባለሁ።

ስለ ትክክለኛነቱ የሚጠየቀውን ጥያቄ በግልጽ ልመልስ። ሊብሬ 3 በተደረገበት ጥናት ከላቦራቶሪ ጋር ሲነጻጸር በአማካይ የ7.9 ከመቶ ልዩነት ነበረው፤ ይህም ደሙ 200 ሲሆን ሴንሰሩ 184 ወይም 216 ሊል ይችላል ማለት ነው። አማካይ በመሆኑ አንዳንዱ ከዚህ የቀረበ፣ አንዳንዱም የራቀ ነው። ጣት የሚወጋው መለኪያም ቢሆን እስከ 15 ከመቶ ስህተት የተፈቀደለት ዕቃ ስለሆነ፣ ሁለቱ ቁጥሮች አንድ ካልሆኑ ብሎ መጨነቅ አይገባም። ለኢንሱሊን ውሳኔ የሚያሰጋው ልዩነቱ ሰፍቶ ሲገኝ፣ ወይም ሰውየው የሚሰማው ስሜትና ቁጥሩ ሲጣሉ ነው። ቫይታሚን ሲ በብዛት መውሰድ የዚህን ሴንሰር ቁጥር በሐሰት ከፍ ያደርጋል፤ ለጉንፋን ብሎ በቀን በርካታ ክኒን የሚውጥ ሰው ይህን ሊያውቅ ይገባል። ከኤም አር አይ ምርመራ በፊትም ስለ ሴንሰሩ ባለሙያውን መጠየቅ ይገባል።

ከዚህ የሚከብድ ነገርም አለ። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2025 አቦት የተወሰኑ የሊብሬ 3 እና የሊብሬ 3 ፕላስ ሴንሰሮች ስኳር ሳይወርድ ወርዷል ብለው ሊያሳዩ እንደሚችሉ አስታውቆ፣ በአሜሪካ ብቻ 3 ሚሊዮን ያህል ሴንሰር የሚመለከት ማስጠንቀቂያ አውጥቷል። በሐሰት ዝቅ ያለ ቁጥር ያየ ሰው የማያስፈልገውን ስኳር ይወስዳል፣ ወይም የሚያስፈልገውን ኢንሱሊን ይተዋል፤ ይህ ለቀናት ቢቀጥል ሕይወት ያሰጋል። ኩባንያው በሴንሰሩ መለያ ቁጥር የሚጣራበትን ገጽ አዘጋጅቷል፤ የእኛን ስናጣራ ከተጠቀሱት ውስጥ አልነበረም። ሴንሰር ያለው ሁሉ ቁጥሩን እንዲያጣራ አጥብቄ እለምናለሁ። የእናቴ የጣት መለኪያ ከነስትሪፑ ከአልጋዋ ራስጌ ተነሥቶ አያውቅም፣ አይነሣምም። «ሴንሰር አለኝ» ብሎ መለኪያውን ለሌላ የሰጠ ዘመድ ካለ መልሶ ቢገዛ እመክረዋለሁ።

በመተግበሪያው ላይ ቅሬታዬ አማርኛ አለመኖሩ ነው። ቁጥርና ቀስት ቋንቋ አይፈልጉም፤ ማስጠንቀቂያዎቹና ማብራሪያዎቹ ግን ይፈልጋሉ። ከቋንቋው ይልቅ ያስቸገረን ሰዓቱ ነው። እናቴ የምትቆጥረው በእኛ ሰዓት ነው፤ ሐኪሟ «በሦስት ሰዓት ምን በልተሽ ነው?» ብላ በአስተርጓሚ ስትጠይቃት የጠዋቱን ሦስት ሰዓት መስሏት ቁርሷን ነገረቻት፤ የተጠየቀችው ስለ ቀኑ 9 ሰዓት ነበር። ወላጁን ይዞ ሐኪም ቤት የሚሄድ ልጅ ዘገባው ላይ ያሉትን ሰዓቶች አስቀድሞ በእኛ አቆጣጠር ቢጽፍባቸው ብዙ ስህተት ያስቀራል።

ስልኩ ከሴንሰሩ በ10 ሜትር ውስጥ መሆን አለበት። እናቴ ቅዳሴ ስትገባ ስልኳን ታጠፋ ነበር፤ ሲከፈት የቀረውን ቁጥር ሴንሰሩ ራሱ መልሶ ይሞላዋል፣ በመሐል ግን ማንቂያ የለም። ስልኩን ሳታጠፋ በቦርሳዋ ይዛ እንድትቀመጥ አግባብተናታል። ቁጥሩን ለቤተሰብ የሚያጋራው ሊብሬ ሊንክ አፕ የተባለው ሁለተኛው መተግበሪያ እስከ ሃያ ሰው ድረስ ይቀበላል፤ እኛ አምስት ሆንን። የመጀመሪያው ወር ለእናቴ ከባድ ነበር። ቁጥሩ 200 ባለፈ ቁጥር አንዱ ከሥራ፣ ሌላው ከአዲስ አበባ ይደውልና «ምን በላሽ?» ይላታል። አንድ ቀን «ልጆቼ ናችሁ ወይስ ዘበኞቼ?» አለችን። ተሰብስበን ተነጋገርንና ከፍ ሲል የሚጮኸውን በእኛ ስልክ ላይ ዘጋነው፤ ዝቅ ሲል ብቻ ይጮኻል፣ የሚደውለውም ተረኛው አንድ ሰው ነው። መሣሪያውን ለወላጁ የሚያደርግ ሁሉ ይህንን ስምምነት ከመጀመሪያው ቀን ቢያደርግ መልካም ነው።

ወጪውን በተመለከተ፣ በዓመት 24 ወይም 25 ሴንሰር ያስፈልጋል። በአሜሪካ ከኤፕሪል 2023 ወዲህ የመንግሥት የአዛውንቶች ኢንሹራንስ የሆነው ሜዲኬር ኢንሱሊን ለሚወስድ ሁሉ፣ እንዲሁም አደገኛ የስኳር መውረድ ላጋጠመው፣ ሴንሰር ይሸፍናል፤ ቀደም ሲል በቀን ብዙ ጊዜ ኢንሱሊን መወጋት ይጠየቅ ነበር። የግል ኢንሹራንሶች እንደየዓይነታቸው ይለያያሉ። እኛ መጀመሪያ ትእዛዙን የላክንበት ፋርማሲ «ወረቀት ይቀራል» እያለ ሦስት ሳምንት አመላልሶናል፤ የቀረው የሐኪሟ አንድ ፊርማ እንደነበር ያወቅነው ራሳችን ስንደውል ነው። በእንዲህ ያለ ጊዜ ፋርማሲውን ከመጠበቅ ለኢንሹራንሱም ለሐኪም ቤቱም በቀጥታ መደወል ቀኑን ያሳጥራል።

ስለ መከላከል ያቆየሁት ነገር ይህ ነው። በ2024 በአሜሪካ ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚሸጡ ሴንሰሮች ተፈቅደዋል፤ የዴክስኮም ስቴሎና የአቦት ሊንጎ የታወቁት ናቸው። የወንድሜ የሦስት ወር አማካይ 5.9 በመሆኑ፣ ይህም ከ5.7 እስከ 6.4 ባለው የቅድመ ስኳር መደብ ውስጥ ስለሚገባ፣ ለአንድ ወር ስቴሎ ገዝቶ አደረገ። ከምሽት ሩዝ በኋላ ሃያ ደቂቃ መራመዱ መስመሩን ምን ያህል ዝቅ እንደሚያደርገው ማየቱ አስደስቶታል፤ መራመዱንም ቀጥሏል። ለእርሱ ዓይነቱ ሰው አንድ ወር ይበቃል ባይ ነኝ። እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመው የአሜሪካው ትልቅ የስኳር መከላከያ ጥናት በቅድመ ስኳር ላይ ያሉ ሰዎች ከክብደታቸው 7 ከመቶ ለመቀነስና በሳምንት 150 ደቂቃ ለመንቀሳቀስ ተነሥተው ሕመሙ የመያዙን ዕድል በ58 ከመቶ እንደቀነሱት ያሳየው ያለ ምንም ሴንሰር ነው። ሴንሰር ሕመሙን መርምሮ አይወስንም፤ ስኳር ይኑርብኝ አይኑርብኝ የሚል ሰው የሚያስፈልገው የደም ምርመራ ነው። ጤነኛም ሰው ከምግብ በኋላ አልፎ አልፎ ከ140 ያልፋል፤ ያንን አይቶ እንቅልፍ ማጣት አይገባም።

ያለ መርፌ ስኳር ይለካሉ ተብለው በኢንተርኔት የሚሸጡ የእጅ ሰዓቶችንና ቀለበቶችን ግን ከዚህ ጋር ማንም እንዳያነጻጽራቸው። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን በፌብሩዋሪ 2024 ቆዳ ሳይበሳ በራሱ ስኳር የሚለካ አንድም ሰዓት ወይም ቀለበት እንዳልፈቀደ አስታውቆ ሕዝቡን አስጠንቅቋል። እንዲህ ያለውን ሰዓት ለወላጅ ስጦታ ብሎ መላክ ወላጁን በሐሰተኛ ቁጥር ኢንሱሊን እንዲወጋ ማድረግ ነው፤ ይህንን የምለው እንዲህ ያለ ሰዓት ባሰረ ዘመዴ ላይ የደረሰውን አይቼ ነው።

ብዙዎች ሴንሰሩን ወደ አገር ቤት መላክ ይፈልጋሉ። መተግበሪያው እንደየአገሩ የተለያየ ስለሆነ ከዚህ የተገዛ ሴንሰር እዚያ ካለ ስልክ ጋር ላይሠራ ይችላል፤ በቅድሚያ መጣራት አለበት። ማሸጊያው ከ28 ዲግሪ በላይ በሆነ ሙቀት መቀመጥ የለበትም፤ ለአዲስ አበባ ይህ አያሳስብም፣ ለድሬዳዋና ለጋምቤላ ግን ያሳስባል። ከሁሉ በላይ 15 ቀን ሲያልቅ ቀጣዩ በሰው እጅ እስኪመጣ መጠበቅ አለ። ያም ሆኖ ወላጅን ሊጠይቅ የሚሄድ ሰው አንድ ሴንሰር ይዞ ሄዶ፣ እዚያው በሚቆይበት ሁለት ሳምንት በራሱ ስልክ አድርጎላቸው፣ ዘገባውን አትሞ ለሐኪማቸው ቢያስረክብ፣ የእናቴን ሌሊት የገለጠው ያ አንድ ገጽ ለእነርሱም ይደርሳቸዋል። ባለፈው ወር ሐዋሳ ለምትኖረው አክስቴ ያደረግሁት ይህንን ነው። ስመለስ የተውሁላት ሌላ ሴንሰር ሳይሆን አዲስ የጣት መለኪያ፣ ለስድስት ወር የሚበቃ ስትሪፕና ኢንሱሊኑን ከማታ ወደ ጠዋት ያዞረው የሐኪሟ ወረቀት ነው።